«እግሬን ይነዝረኛል»፦ በ6ኛ ወር እርግዝና የጀመረ የሳያቲክ ሕመም የጉዳይ ጥናት

ይህን ጉዳይ ለምን ጻፍኩት

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የምሠራው አዲስ አበባ ነው። ወገባቸውን ይዘው፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮችን በየሳምንቱ አያለሁ። አብዛኞቹ እኔ ጋ ሲደርሱ ከሁለት ነገር አንዱን ተነግሯቸዋል። ወይ «እርግዝና ነው፣ ቻይው፣ ስትወልጂ ይለቅሻል» ተብለዋል። ወይ ደግሞ «ሳያቲክ ነው፣ ተኚ፣ አትንቀሳቀሺ» ተብለዋል (ሳያቲክ የሚባለው በመቀመጫ አልፎ እግር ድረስ የሚወርድ የነርቭ ሕመም ነው)። ሁለቱም ያሳዝኑኛል። የመጀመሪያው ሴትየዋን ለወራት ሕመም አሳልፎ ይሰጣታል። ሁለተኛው ሕመሙን ያባብሰዋል።

የዚህችን እናት ታሪክ ለብቻው ለመጻፍ ያሰብኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በመጀመሪያው ሳምንት እኔው ተሳስቻለሁ። ሁለተኛ፣ መፍትሔው የተገኘው ክሊኒክ ውስጥ ሳይሆን እቤቷ ነው። ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። ስሟን፣ መሥሪያ ቤቷንና ሰፈሯን ትቻለሁ።

የኋላ ታሪክ

የ31 ዓመት ሴት ናት። ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ናት፤ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተቀምጣ ትውላለች። እርግዝናው ሁለተኛዋ ነው። የመጀመሪያ ልጇ 3 ዓመቷ ነው። ያኔም ወገቧን አልፎ አልፎ ያማት ነበር። እግሯ ድረስ የወረደ ነገር ግን አልነበረም።

ቤቷ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ ግፊቱ ግን እነሱ ጋ አይደርስም። ስለዚህ ከታች በጀሪካን ይወጣል። የሚሸከመው ባለቤቷ ነው። እሱ ለመስክ ሥራ ክፍለ ሀገር ሲወጣ ግን እሷው በግማሽ በግማሽ እየቀዳች ታወጣለች። ሥራ ለመግባት ሁለት ታክሲ ትይዛለች። አማቷ አብረዋቸው ይኖራሉ፤ ልጅቷን ቀን ቀን የሚይዙት እሳቸው ናቸው።

ችግሩ

ሕመሙ የጀመራት ለመስቀል ሰሞን ነው። 23ኛ ሳምንቷን ጨርሳ ነበር። ለደመራ ቆማ አመሸች። በማግስቱ ከአልጋዋ ልትነሳ ስትል ግራ መቀመጫዋን ወጋት። በሳምንቱ ውጋቱ ወደ ታች መውረድ ጀመረ።

እኔ ጋ የመጣችው ጥቅምት መጀመሪያ ላይ፣ በ26ኛ ሳምንቷ ነው። የነገረችኝን እንዳለ ጽፌዋለሁ፦ «ከመቀመጫዬ ይነሳና በጭኔ ጀርባ ወርዶ ባቴ ላይ ይቆማል። ኤሌክትሪክ እንደያዘኝ ይነዝረኛል። ትንሿ የእግር ጣቴ ትደነዝዛለች፣ ጉንዳን የሚሄድባት ይመስለኛል።» ከ0 እስከ 10 ስንት ትሰጪዋለሽ ስላት በጣም ሲብስ 8 አለች። ሌሊት ጎኗን ለመቀየር ስትሞክር ነው በጣም የሚብሰው። ባለቤቷን ቀስቅሳ እሱ ያገላብጣታል። ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች።

እኔ ጋ ከመድረሷ በፊት ሦስት ሳምንት ገደማ አልፏል። በዚያ ጊዜ የተደረገውን መዘርዘር ይገባል፤ ብዙ ቤት ውስጥ የሚደረገው ይኸው ስለሆነ።

አማቷ «ብርድ መትቷት ነው» ብለው ቅቤ አሙቀው ማታ ማታ ያሿት ነበር። በቀስታ ነበር የሚያሹት። ለጥቂት ሰዓት ቀለል ይላት ነበር፤ ጉዳትም አላደረሰባትም። ቀጥሎ አንዲት ጎረቤት ወጌሻ እንጥራ አለች። ይህን እሷ እምቢ አለች። ልክ ነበረች። በእርግዝና ጊዜ የዳሌ ጅማቶች ይላላሉ። የላላን መጋጠሚያ በኃይል መጠምዘዝና መጫን ሕመሙን ያባብሳል። የተጎዳ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሐል ያለው ትራስ መሰል አካል) ካለ ደግሞ አደጋ አለው።

ከዚያ ፋርማሲ ሄደች። መጀመሪያ የዳይክሎፊናክ ቅባት ሰጧት። ሁለተኛ ስትመለስ የዳይክሎፊናክ መርፌ እንድትወጋ መከሯት። እርጉዝ መሆኗ ከሆዷ እየታየ ነው ይህ የሆነው። ደግነቱ መርፌውን ሳትወጋ የእርግዝና ክትትል ሐኪሟን ጠየቀች፤ ሐኪሙ አስቆማት። ዳይክሎፊናክ፣ ኢቡፕሮፌንና የመሳሰሉት መድኃኒቶች ከ20ኛ ሳምንት በኋላ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የእንሽርት ውሃውን ሊቀንሱ ይችላሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2020 እ.ኤ.አ. ይህን አስመልክቶ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ በፅንሱ ልብ አጠገብ ያለና ከመወለዱ በፊት ክፍት ሆኖ መቆየት ያለበት የደም ቧንቧ ያለ ጊዜው እንዲዘጋ ሊያደርጉ ይችላሉ። ሐኪሟ በምትኩ ፓራሲታሞል አዘዘላት፤ ሲብስባት ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ።

በመጨረሻ አምስት ቀን የሕመም ፈቃድ ወስዳ ተኛች። በስድስተኛው ቀን ስትነሳ እግሯ አልታዘዝ አለ። እኔ ጋ የመጣችው ያኔ ነው።

ከሳያቲክ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እግር ላይ የሚወርድ ሕመም ሁሉ ሳያቲክ አይደለም። ሳያቲክ የሆነውም ሁሉ ተጠብቆ የሚያልፍ አይደለም። ስለዚህ እጄን ሳላሳርፍባት የጠየቅኳት እነዚህን ነው፦

ሽንትሽ እምቢ ይልሻል? ወይስ ሳታውቂው ያመልጥሻል? ሰገራስ? ኮርቻ ላይ ስትቀመጪ የሚነካው ቦታ፣ ማለትም ብልትሽና ፊንጢጣሽ አካባቢ፣ ደንዝዟል? ሁለቱም እግሮችሽ ደክመዋል? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ከአከርካሪ በታች ያሉት ነርቮች በአንድነት ሲጨፈለቁ የሚመጣ ምልክት ነው። ሰዓታት ዋጋ አላቸው።

ትኩሳት አለሽ? ስትሸኚ ያቃጥልሻል? ጎንሽን ይወጋሻል? የኩላሊት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ለሳምንታት የቆየ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ አለ? እኛ አገር የአከርካሪ ቲቢን ሳይጠይቁ ማለፍ አይቻልም። ሕመሙ ሰዓት እየጠበቀ መጣ ሄድ ይላል? ሆድሽ ይጠነክራል? ደም ወይም ውሃ አይተሻል? ያለ ጊዜው የመጣ ምጥ ወገብ ላይ ሊጀምር ይችላል። ባትሽ አብጧል? ይሞቃል? ይህ የደም መርጋት ምልክት ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ለሁሉም መልሷ የለም ነበር።

ምርመራው ያሳየው

በተረከዟ ብቻ እንድትራመድ አደረግኩ፤ ቻለች። በጣቶቿ ብቻ እንድትራመድ አደረግኩ፤ እያመማት ቻለች። ይህ ወደ እግሯ የሚሄዱት የነርቭ ሥሮች ጡንቻን ማዘዝ አለማቆማቸውን ያሳያል። የቁርጭምጭሚቷ ሪፍሌክስ (ጅማቱ መታ ሲደረግ እግር በራሱ የሚሰጠው ምላሽ) በሁለቱም በኩል እኩል ነበር። የአምስት ቀኑ «አልታዘዝ አለኝ» ከሕመምና ከመተኛት የመጣ እንጂ ሽባነት አልነበረም። ይህን ስነግራት ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ።

የግራ መቀመጫዋን መሐል ላይ በአውራ ጣቴ ስጫን «እሱ ነው! እሱ ነው!» አለች። ንዝረቱ እስከ ባቷ ወረደ። አከርካሪና ዳሌ የሚገናኙበትን መጋጠሚያ የሚፈትነው ምርመራም በግራ በኩል አሳመማት።

የሳያቲክ ነርቭ በሰውነታችን ካሉት ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ ነው። ከአከርካሪ ታችኛው ክፍል የሚወጡ አምስት የነርቭ ሥሮች ተገናኝተው ይሠሩታል። መቀመጫ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ጡንቻ ሥር ያልፋል። ከዚያ በጭን ጀርባ ወርዶ እግር ድረስ ይደርሳል። ሆድ ሲገፋ የሰውነት ሚዛን ወደ ፊት ይሄዳል፤ ወገብ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። በሆርሞን ምክንያት የዳሌ ጅማቶች ይላላሉ። የላላውን ዳሌ አጥብቀው ለመያዝ የመቀመጫ ጡንቻዎች ያለ ዕረፍት ይሠራሉ። ሲጨማደዱ ሥራቸው የሚያልፈውን ነርቭ ያስቆጡታል። የእሷ ሕመም ከዚህ ዓይነቱ ነበር።

«ልጁ ነርቬ ላይ ተቀምጦ ነው አይደል? ስንቀሳቀስ ይጎዳል?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ ብዙ እናቶች በሆዳቸው ይዘውት ነው የሚመጡት። አብዛኛውን ጊዜ ነርቩን የሚያስቆጣው ልጁ አይደለም። መንቀሳቀሷም ልጁን አይጎዳውም።

በእርግዝና ጊዜ ወገብና ዳሌ ማመም በጣም የተለመደ ነው፤ ከነፍሰ ጡሮች ግማሽ ያህሉን ያገኛል። ከዲስክ መንሸራተት የሚመጣ እውነተኛ የሳያቲክ ሕመም ግን ብርቅ ነው፤ ከ10,000 እርግዝና በ1 ገደማ ይገመታል። ስለዚህ «ዲስክሽ ተንሸራቷል» የሚለውን ቃል ያለ ማስረጃ ነፍሰ ጡር ላይ መጣል ትክክል አይደለም። ራጅም አላስፈለገም። አደገኛ ምልክት ቢኖር ኖሮ ኤምአርአይ እናስነሳ ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ የእኔ ስህተት

በመጀመሪያው ቀን የሰጠኋት ነገር ሁለት ነበር። አንዱ የአተኛኘት ምክር ነው፤ በጎን መተኛት፣ በጉልበቶች መሐል ትራስ ማድረግ። ሁለተኛው የመሳሳብ እንቅስቃሴ ነው። ነጠላ በውስጥ እግሯ ላይ አዙራ፣ እግሯን ዘርግታ ወደ ራሷ እንድትስብ፣ የጭኗ ጀርባ እስኪወጠር እንድትይዝ አሳየኋት።

በሦስተኛው ቀን ደወለች። «ያልሽኝን አደረግኩ፣ ትናንት ሌሊት ግን ዓይኔን አልከደንኩም» አለችኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። የተቆጣ ነርቭን እንደ ጡንቻ ወጠርኩት። የጭን ጀርባ ሲወጠር ነርቩም አብሮ ይወጠራል። ጤነኛ ነርቭ ይችለዋል። የተቆጣው ግን ይበልጥ ይቆጣል። ትምህርት ቤት የተማርኩት ነገር ነው፤ ተጣድፌ ረሳሁት። ወዲያው አስቆምኳት፤ ይቅርታም ጠየቅኳት። ለሁለት ቀን ከእግር ጉዞ በቀር ሌላ እንቅስቃሴ እንዳትሠራ ነገርኳት።

ትራሱም አልሠራም። ግን ለምን እንዳልሠራ ስልክ ላይ ልትነግረኝ አልቻለችም። «ይንሸራተታል» ብቻ አለች። ያን ጊዜ ነው እሑድ ከሰዓት እቤቷ ልምጣ ያልኳት።

እቤቷ ያየሁት

ስገባ ቡና ተፈልቶ ነበር። እሷ ትንሿ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትቀዳለች። ጉልበቶቿ ከዳሌዋ በላይ ናቸው። ሆዷ በመሐል ታፍኗል። ወገቧ እንደ ቀስት ጎብጧል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ከሩብ ተቀመጠች። ልትነሳ ስትል አንድ እጇን ወለሉ ላይ፣ አንዱን ግራ ጭኗ ላይ አድርጋ ፊቷ ተጨማደደ። ይህ በየቀኑ ይደገማል፤ አንዳንዴም ሁለቴ። ክሊኒክ ውስጥ «ብዙ ትቀመጫለሽ?» ብዬ ስጠይቃት የነገረችኝ የባንኩን ወንበር ብቻ ነበር። በርጩማው ትዝም አላላትም።

ከዚያ መኝታ ቤት ገባን፤ እንዴት እንደምትተኛና እንደምትነሳ አሳይኝ አልኳት። በጎኗ ተኛች። ትራሱ አጭር ነው። ጉልበቷን ደገፈ፤ ቁርጭምጭሚቷ ግን በአየር ላይ ቀረ። ስለዚህ የላይኛው እግሯ ከጉልበት በታች ወደ ፍራሹ ይወድቃል። ዳሌዋ ይጠመዘዛል። ያቺ የተጨማደደች ጡንቻ ሌሊቱን ሙሉ ተወጥራ ታድራለች። ጎኗን ለመቀየር ደግሞ መጀመሪያ ትከሻዋን ታዞራለች፤ ዳሌዋ በኋላ ይከተላል። ስትነሳ ከጀርባዋ ቀጥ ብላ በሆዷ ጉልበት ነው።

ረጅም ትራስ የለም እንጂ ጋቢ አለ። አማቷ ከቁም ሳጥን አንድ ያረጀ ወፍራም ጋቢ አወጡልኝ። በርዝመቱ አጥፌ ጠቀለልኩት። ከጉልበቷ በላይ ጀምሮ እስከ ውስጥ እግሯ ድረስ የሚደርስ ሆነ። በሁለት እግሮቿ መሐል አስገባሁት። ሌላ ስስ ትራስ ከሆዷ ሥር አደረግኩ። ሆዷ ወደ ፍራሹ መጎተቱ ቀረ። ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ «አሁን የለም» አለች። «ምኑ?» ስላት «ውጋቱ» አለች።

አማቷ «እኔ ስድስት ስወልድ ሳያቲክ የሚባል ሰምቼ አላውቅም ልጄ» አሉኝ። «ያማዎት አልነበረም እማማ?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ያመኝማ ነበር፤ ማን ጠየቀኝ?» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ጋቢውን ማታ ማታ የሚጠቀልሉላት እሳቸው ሆኑ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ከዚያ እሑድ በኋላ ያደረግነው በሦስት ይከፈላል፦ አነሳስ፣ አዋዋል፣ እንቅስቃሴ።

አነሳስ። ጎን ስትቀይር ሁለቱን ጉልበቶቿን አጣብቃ፣ ትከሻና ዳሌዋን እንደ አንድ ግንድ አብራ እንድትዞር ተለማመድን። ከአልጋ ስትነሳ መጀመሪያ በጎን፤ ቀጥሎ ሁለቱን እግሮች ከአልጋው ጠርዝ ማውረድ፤ ከዚያ በክንድ ገፍቶ መቀመጥ። አስር ጊዜ ያህል ደጋገምነው። ታክሲ ስትገባም መጀመሪያ መቀመጥ፣ ከዚያ ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ማስገባት። ከኋላ ወንበር ይልቅ ከፊት ወይም በሩ አጠገብ ያለውን እንድትጠብቅ ነገርኳት፤ አንድ ታክሲ ቢያልፋትም።

አዋዋል። በርጩማው ቀርቶ ረከቦቱ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። በዚህ ላይ አማቷ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር። የጀሪካኑ ነገር ተቆረጠ፤ ባለቤቷ በሌለበት ሳምንት አንድ የግቢ ልጅ ተከፍሎት ያወጣል። ልጅቷን ዳሌ ላይ ማንጠልጠል ቀረ። እናትየው ስትቀመጥ ልጅቷ እራሷ ጭኗ ላይ ትወጣለች።

ባንኩ ውስጥ በየ30 ደቂቃው እንድትቆም፣ እግሯ ሥር ዝቅ ያለ መርገጫ እንዲደረግላት ደብዳቤ ጻፍኩ። አለቃዋ መጀመሪያ አመነታ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ የሕክምና ምርመራ በክፍያ ፈቃድ እንደሚሰጥ ታውቅ ነበር። እሱን ስታነሳ ንግግሩ ለዘብ አለ። የክትትል ቀኖቿንም ሳትሸማቀቅ መውሰድ ጀመረች።

እንቅስቃሴ። አራት ነበሩ። በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ወገብን ቀስ ብሎ ማጉበጥና ማስተካከል። በጎን ተኝቶ፣ ተረከዞች እንደተገናኙ የላይኛውን ጉልበት መክፈትና መዝጋት። ከወንበር ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ። አራተኛው ነርቩን ሳይወጥሩ ማንሸራተት ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ የግራ ጉልበቷን ቀስ ብላ ትዘረጋለች፤ የመጀመሪያውን ትንሽ መሳብ ስትሰማ ወዲያው ታጥፈዋለች። አትይዘውም። አስር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ከመጀመሪያው ሳምንት ስህተቴ ጋር ያለው ልዩነት «አትያዥው» የሚለው ቃል ላይ ነው። በተጨማሪ በሜዳ ላይ 10 ደቂቃ የእግር ጉዞ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ ለወገብና ለዳሌ ሕመም መደበኛ የሰውነት እንቅስቃሴን ይመክራል። ፊዚዮቴራፒና የድጋፍ ቀበቶም እዚያው በአማራጭነት ተጠቅሰዋል።

ለጡንቻዋ ደግሞ ሁለት ነገር ነበረን። ለብ ያለ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በፎጣ ተጠቅልሎ መቀመጫዋ ላይ 15 ደቂቃ ይቆያል። ሆድ ላይ አይደረግም፤ የደነዘዘ ቆዳ ላይም አይደረግም። ሁለተኛው የካልሲ ኳስ ነው። ኳሱን የሠራችው የ3 ዓመቷ ልጅ ነች፤ ካልሲ ውስጥ ካልሲ ጠቅጥቃ። እናትየው ቆማ ኳሱን በግድግዳውና በግራ መቀመጫዋ መሐል ታደርገዋለች። የሚያማት ነጥብ ላይ ሰውነቷን ደገፍ አድርጋ አንድ ደቂቃ ያህል ትቆያለች። ንዝረት ወደ እግር ከወረደ ቦታ ትቀይራለች።

የቀበቶው ጉዳይ

ይህን ለብቻው ልናገረው። ባለቤቷ ከፋርማሲ የእርግዝና ቀበቶ ገዝቶላት ነበር። ውድ ነው። አልረዳትም። ሳየው ከፍ ብሎ ሆዷን መሐል ለመሐል ያጠብቃል፤ ቃርም ያስነሳባታል።

አማቷ የታጠቁትን መቀነት አይቼ «ይህን ያውሱን» አልኳቸው። ስፋቱን አንድ መዳፍ ያህል አድርገን አጠፍነው። ከሆዷ ሥር አለፈ። በዳሌዋ ጎንና ጎን ጎልተው ባሉት አጥንቶች ላይ ዞረ። ሁለት ጣት እስኪያስገባ ብቻ ጠበቀ። ወገብ ላይ ሳይሆን ዳሌ ላይ ነው ቦታው። እዚያው ክፍሉ ውስጥ ተራመደች። «ተሰብስቤ የቆምኩ መሰለኝ» አለች። የሚታሰረው ቆማ ስትሠራና ስትራመድ ነው። ስትቀመጥና ስትተኛ ይፈታል። ቀኑን ሙሉ ከታሰረ ጡንቻዎቿ ይሰንፋሉ።

33ኛው ሳምንት

ኅዳር መጨረሻ ላይ ማታ ደወለች። «ዛሬ ባቴ ነው፤ ግራው አብጧል» አለች። መቀመጫሽስ ስላት «እሱ ደህና ነው» አለች። በልብስ ሰፊ ሜትር የሁለቱን ባት ወፍራም ቦታ ለካችልኝ። ግራው ከቀኙ በ2 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ሲነካም ሞቅ ይላል።

አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ሂጂ፣ ነገ አትበይ አልኳት። እርግዝና ደምን ለመርጋት ያዘጋጃል። በነፍሰ ጡሮች የሚረጋው አብዛኛውን ጊዜ ግራ እግር ላይ ነው። የረጋ ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። እሷ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ግራ እግሯን «ሳያቲክ ነው» ስትል ከርማለች። አደጋው እዚህ ላይ ነው። አንድ ስም ከተሰጠው በኋላ እዚያ እግር ላይ የሚመጣው ነገር ሁሉ በዚያ ስም ይጠራል።

የደም ፍሰትን በሚያሳየው በዶፕለር አልትራሳውንድ ታየች። የረጋ ደም የለም ተባለች። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ እቤቷ ገባች። በማግስቱ «አስቸገርኩሽ» አለችኝ። አላስቸገረችኝም። ያ ማታ ነገም ቢደገም እንዲሁ እልካታለሁ።

ውጤቱ

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ከ8 ወደ 6 ወረደ። በአራተኛው ሳምንት 4 ደረሰ፤ ባለቤቷን ሳትቀሰቅስ ጎኗን መቀየር ቻለች። ለእሷ ትልቁ ነገር ይህ ነበር። በስምንተኛው ሳምንት 2 ነበር። ፓራሲታሞል ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ አልወሰደችም።

መንገዱ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም። ለገና ዋዜማ፣ በ38ኛ ሳምንቷ፣ የዶሮ ወጡን ሽንኩርት ዝቅ ብላ ተቀምጣ ከተፈች፤ ከዚያም ምድጃው ፊት ቆማ ዋለች። ማታ ወደ 6 ተመለሰ። በጋቢውና በለብታው በሦስት ቀን ለቀቃት። በፊት ሦስት ሳምንት የፈጀባት ሕመም አሁን ሦስት ቀን ፈጀ።

የወለደችው ጥምቀት ሳይገባ፣ በ39ኛ ሳምንቷ ነው። ከምጡ በፊት ለአዋላጇ አንድ ወረቀት ጽፌ ሰጥቻት ነበር፦ ግራ እግሯ ከመጠን በላይ እንዳይከፈት፣ ለረጅም ሰዓት በጀርባዋ እንዳትተኛ፣ ከቻለች በጎኗ ወይም ተንበርክካ እንድታምጥ። አዋላጇ አነበበችው። አብዛኛውን ምጥ በጎኗ አሳለፈች። ልጁ ወንድ ነው።

በአራስ ቤቷ ሁለተኛ ሳምንት ንዝረቱ ጠፋ። የመቀመጫዋ ሕመም ስድስት ሳምንት ቆየ። የትንሿ ጣቷ መደንዘዝ ሙሉ በሙሉ የሄደው በሦስተኛው ወር ነው። በዚያ መሐል አንድ ነገር ሊመልሳት ነበር፤ ስታጠባ ወደ ልጁ ጎንበስ ትላለች። ጋቢውን አሁን ጭኗ ላይ አድርገን ልጁን ወደ ጡቷ ከፍ አደረግነው። ማዘል ከሦስት ወር በኋላ ጀመረች፤ አንቀልባው ከፍ ብሎ፣ ልጁ ወደ ጀርባዋ ተጣብቆ።

ለሌሎች የሚያገለግለው

ለባለሙያዎች፦ በመጀመሪያው ቀን የተቆጣ ነርቭን አትወጥሩ። ጡንቻውን አረጋጉ፤ እንቅልፏን አስተካክሉ፤ መወጠር ካስፈለገ በኋላ ይደርሳል። ስትሳሳቱ ደግሞ ንገሯት። እሷ ከይቅርታዬ በኋላ ነው ሁሉንም ነገር በግልጽ መንገር የጀመረችው።

ለነፍሰ ጡሮች፦ አምስት ቀን መተኛት አልጠቀማትም፤ አስር ደቂቃ እየተነሱ መራመድ ጠቀማት። ሌሊት የሚብስባችሁ ከሆነ ከመድኃኒት በፊት አተኛኘታችሁን እዩ። ከጉልበት እስከ ውስጥ እግር ድረስ የሚደግፍ ነገር ፈልጉ። ለማንኛውም መድኃኒት፣ ቅባትም ቢሆን፣ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ሽንት እምቢ ካላችሁ፣ መቀመጫችሁ መሐል ከደነዘዘ፣ እግራችሁ ከዛለ፣ ባታችሁ በአንድ በኩል ካበጠ፣ ትኩሳት ወይም ደም ካያችሁ ይህን ጽሑፍ ትታችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

ለቤተሰብ፦ «ቻይው» ከማለት በፊት በርጩማውን አንሱ፤ ጀሪካኑን ተቀበሏት። የዚህች እናት ሕመም ከ8 ወደ 4 የወረደው አብዛኛው በእኔ እጅ አይደለም። አማት ጋቢ ጠቀለሉ፤ ባል ውሃ አወጣ፤ ልጅ የካልሲ ኳስ ሠራች።

እኔ ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ቀይሬያለሁ። ሁሉም ሰው ቤት መሄድ አልችልም። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ስትመጣ ከሁለተኛው ቀጠሮ በፊት ሦስት አጭር ቪዲዮ በስልክ እንድትልክልኝ እጠይቃለሁ። ከአልጋ ስትነሳ፣ ቡና ስታፈላ፣ እና የመጀመሪያ ልጇን ስታነሳ።